እናቲቱ መድማት ከመጀመሯ በፊት፦ የወሊድ ድንገተኛን በሲሙሌሽን ማስተማርና መመዘን

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንዲት እናት ከወለደች በኋላ ደሙ አልቆም አላት። ስለ ድህረ ወሊድ መድማት የማላውቀው አልነበረም። 500 ሚሊ ሊትር ደም የሚለውን ልኬት፣ መንስኤዎቹን፣ የመድኃኒቱን መጠን በቃሌ እወጣዋለሁ። ፈተና ላይም ጥሩ ያመጣሁበት ርዕስ ነው። ግን ማህፀን የሚያኮማትረው መድኃኒት፣ ኦክሲቶሲኑ፣ ፍሪጅ ውስጥ ነበር። ፍሪጁ ተቆልፏል። ቁልፉ ደግሞ ምሳ የወጣችው ባልደረባችን ኪስ ውስጥ ነው። እኔ የእናቲቱን ማህፀን ማሸት ሲገባኝ በር ላይ ቆሜ የባልደረባዬን ስም እጣራለሁ።

እናቲቱ ሪፈር ተብላ ተረፈች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ግን ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ያን ሁሉ ያስተማሩኝ ሰዎች፣ እጄ ምን እንደሚሠራ አንድ ቀን እንኳ ሳያዩ እንዴት አለፍሽ አሉኝ?

ዛሬ እኔም አስተምራለሁ። ይህን መመሪያ የምጽፈው ለአዋላጅነትና ለነርስነት መምህራን፣ እንዲሁም በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ባልደረቦቻቸውን ለሚያሠለጥኑ ሰዎች ነው። ምሳሌዬ ድህረ ወሊድ መድማት ነው። አካሄዱ ግን አየር ያጠረውን ጨቅላ ለማስተንፈስም ሆነ እናት በድንገት ስትንቀጠቀጥ ለመርዳት ያው ነው።

ሲሙሌሽን፣ ማለትም እውነተኛውን ሁኔታ አስመስሎ መለማመድ፣ አዲስ ነገር አይደለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ ማዳም ዱ ኩድሬ የተባለች አዋላጅ ከጨርቅና ከቆዳ የእናት ገላና የጨቅላ አሻንጉሊት ሰፍታ፣ እ.ኤ.አ. በ1759 በንጉሥ ሉዊ 15ኛ ትእዛዝ አገር ለአገር እየዞረች ብዙ ሺህ ሴቶችን አሠልጥናለች። አብራሪዎችም መሬት ላይ ቆሞ በሚወዛወዝ ማሽን መለማመድ ከጀመሩ 90 ዓመት አልፏል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪ ቦሌ ያለው ሲሙሌተር ውስጥ ሞተሩ ሲጠፋበት ማንም አይሞትም። ሺህ ሰዓት የበረረ ካፒቴን እንኳ በየጊዜው ተመልሶ ይገባል፣ ይፈተናል። እናት የሚያዋልድ ሰው ከዚህ ያነሰ ልምምድ የሚገባው አይመስለኝም።

ደረጃ 1፦ አንድ ነገር ምረጡ

መጀመሪያ የሚሠራው ስህተት ሁሉንም በአንድ ቀን ልያዝ ማለት ነው። ተዉት። አንድ ልምምድ፣ አንድ ዓላማ። ዓላማውም በዓይን የሚታይ ይሁን። «ስለ መድማት ይረዳሉ» የሚለው አይታይም። «መድማቱን ካዩ በኋላ ርዳታ ይጠራሉ፣ ማህፀን ያሻሉ፣ በ3 ደቂቃ ውስጥ ኦክሲቶሲን ይሰጣሉ» የሚለው ግን ይታያል። ሰዓት ይዛችሁ ልትለኩት ትችላላችሁ። 3 ደቂቃ ያልኩት ለምሳሌ ነው። እናንተ እንደ ክፍላችሁ ሁኔታ ወስኑት።

ደረጃ 2፦ ሴናሪዮውን በአንድ ገጽ ጻፉ

ሴናሪዮ የምለው የሚተወነውን ታሪክ ነው። ከአንድ ገጽ ካለፈ ማንም አያነበውም። የእኔ ይህን ይመስላል፦

እናት፣ 28 ዓመት፣ አራተኛ ልጇ። ከ20 ደቂቃ በፊት በሰላም ወለደች። ለመከላከያ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን በጡንቻ ተወግታለች። እንግዴ ልጁ ሙሉውን ወጥቷል። አሁን «አዞረኝ፣ ውሃ ስጡኝ» ትላለች። ማህፀኗ ልፍስፍስ ብሏል። የልብ ምት 112፣ የደም ግፊት 100 በ60።

ከዚያ ሁለት መንገድ እጽፋለሁ። እስከ ሦስተኛው ደቂቃ ማህፀኗን ያሸ ሰው ከሌለ ምቱ 128 ይሆናል፣ ግፊቱ ወደ 85 በ50 ይወርዳል፣ እናቲቱም ንግግሯ ይደክማል። ማሸቱ፣ ኦክሲቶሲኑ፣ ደም እንዲረጋ የሚረዳው ትራኔክሳሚክ አሲድና ፈሳሹ በጊዜው ከደረሱ ደግሞ በሰባተኛው ደቂቃ ላይ ማህፀኗ ይጠነክራል፣ ደሙም ይቀንሳል።

ቁጥሮቹን ቀድማችሁ ጻፉ። ቆማችሁ ከራሳችሁ የምትፈጥሩ ከሆነ አንዱን ተማሪ ታስቸግሩታላችሁ፣ ሌላውን ታሳልፉታላችሁ። ሕክምናውን ደግሞ ከራሳችሁ ተቋም ፕሮቶኮል ጋር አስተያዩ። ለምሳሌ ትራኔክሳሚክ አሲድ 1 ግራም በደም ሥር፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ቀስ ተብሎ፣ ከወለደች 3 ሰዓት ሳይሞላ የሚሰጥ ነው። ተማሪው ይህን ሲሳሳት ሴናሪዮው ራሱ ማሳየት አለበት።

ደረጃ 3፦ ዕቃው

ብዙ ሰው «ማኒኪን (የሰው ገላ የሚመስል የማስተማሪያ አሻንጉሊት) የለንም» ብሎ እዚህ ላይ ይቆማል። ለመድማት ልምምድ የሚሆነውን ዕቃ ወጥ ቤትና ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ታገኙታላችሁ።

ደሙን ከቀይ ስር አዘጋጃለሁ። ሁለት ቀይ ስር ቀቅዬ ውሃውን አጠልላለሁ። አንድ ማንኪያ የበቆሎ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጬ እጨምርና አንድ ጊዜ አፈላዋለሁ። ትንሽ ወፈር ይላል። ዱቄቱ ከበዛ ቱቦውን ይደፍነዋል፣ ተጠንቀቁ። ሲቀዘቅዝ በስሪንጅ ወደ ባዶ የግሉኮስ ከረጢት እጨምራለሁ። ከረጢቱን በሰፋሁት የጨርቅ ኪስ ውስጥ አድርጌ፣ እናት ሆና የምትተውነው ሰው ወገቧ ላይ በመቀነት ታስረዋለች። የግሉኮሱ ቱቦ በጭኗ መካከል ይወርዳል። የቱቦውን መቆጣጠሪያ በጣቷ ከፈት ስታደርግ ይፈሳል፣ ዘጋ ስታደርግ ይቆማል። ማህፀኑ ወፍራም ስፖንጅ ነው። ተማሪው በደንብ አሽቶ ማህፀኑ መኮማተር ሲኖርበት እናቲቱ ከጨርቁ ሥር ጡጫዋን ጨብጣ ስፖንጁን ወደ ላይ ትገፋለች። ተማሪው እጁ ሥር ልፍስፍስ ያለው ነገር ሲጠነክር ይሰማዋል። ያ ስሜት በስላይድ አይሰጥም።

እናት የምትሆነው ሰው ከአሻንጉሊት የሚበልጥ ጥቅም አላት። ትናገራለች። «ልጄስ?» ትላለች። ተማሪው ሳያስፈቅድ ሆዷን ሲጫን ፊቷ ይቋጠራል። እናትን እያናገሩ ማከም የሚለመደው እንዲህ ነው።

ሌላ የማልዘለው ነገር አለ። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ በዚሁ ደም ሙሉና አሮጌ አንሶላ ላይ ድፉት። ሌላ ግማሽ ሊትር ወለል ላይ። ሁሉም ግምቱን በወረቀት ይጻፍ፣ ማንም የሌላውን አይይ። አብዛኛው ሰው አሳንሶ ነው የሚገምተው፣ ነባር ባለሙያም ጭምር። በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ 80 ሆስፒታሎች ከ200 ሺህ በላይ እናቶች የተካተቱበት፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ኢ-ሞቲቭ የሚባል ጥናት አለ። በተለመደው አሠራር ከደሙት እናቶች ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው የታወቀላቸው። ደሙን የሚለካ ምልክት ያለው ፕላስቲክ ከሥራቸው ሲነጠፍና ሕክምናው በአንድነት ሲሰጥ ግን ከደሙት 100 እናቶች የ93ቱ መድማት ታወቀ፣ የከፋ መድማትም በ60 በመቶ ቀነሰ። ይህን ቁጥር ለተማሪዎቼ የምነግረው አንሶላው ገና እርጥብ እያለ ነው።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ። የልምምድ መድኃኒትና ፈሳሽ ከእውነተኛው ጋር በፍጹም እንዳይቀላቀል። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ለልምምድ የተሠራ የጨው ውሃ በስህተት ሕክምና ጋ ደርሶ፣ በደም ሥራቸው የተሰጣቸው ሰዎች ታመዋል። እያንዳንዱ ብልቃጥና ከረጢት ላይ በቀይ «ለልምምድ ብቻ» ብላችሁ ጻፉ። ስታመጡ ቁጠሩ፣ ስትመልሱም ቁጠሩ። ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ለማስተማሪያ አስቀምጠዋለሁ አትበሉ። ባዶ ብልቃጥ ይበቃል።

ደረጃ 4፦ ከመግባታችሁ በፊት

አምስት ደቂቃ ይበቃል። ዕቃው የት እንዳለ አሳዩ። ማን ምን ሆኖ እንደሚጫወት ንገሩ። ምን እውነት እንደሆነ፣ ምን እንደማስመሰል እንደሚቆጠር ግልጽ ይሁን፦ መርፌ እናቲቱን አይነካም፣ ምትና ግፊት ግን በእውነት ይለካል፣ ቁጥሩን የምነግረው ለለካ ሰው ብቻ ነው። ከዚያ አንድ ቃል እንገባባለን። እዚህ የሆነው ነገር እዚሁ ይቀራል። ዛሬ ልምምድ ነው፣ ነጥብ የለውም።

የመጨረሻዋን ቃል ካላችሁ ጠብቋት። ሰው ልምምድ ነው ተብሎ ገብቶ በኋላ ውጤት ከተለጠፈበት ዳግመኛ አያምናችሁም። ስህተቱን መደበቅ ይጀምራል። ስህተቱን ከደበቀ ደግሞ የምታስተምሩት ነገር አይኖርም።

ደረጃ 5፦ አስጀምሩና እጃችሁን ሰብስቡ

ሦስት ወይም አራት ሰው ይግባ። ሌሎቹ ቆመው ቼክሊስት ይዘው ይዩ። 10 ደቂቃ በቂ ነው። ሰዓት የሚይዝ ሰው መድቡ።

የመምህሩ ትልቁ ፈተና ዝም ማለት ነው። ተማሪዋ ስትደነብር አፋችን ይበላናል። «ማህፀኑንስ?» እንላለን። ባንናገር እንኳ ዓይናችን ፍሪጁን ያያል፣ እሷም የእኛን ዓይን ታያለች። እኔ ጥግ ይዤ ወረቀቴ ላይ አቀረቅራለሁ። እስክትጨነቅ ሳይሆን እስክታስብ ጊዜ እሰጣታለሁ። ካለቀሰች ወይም ልምምዱ ፈጽሞ ከተሰናከለ ግን አቆማለሁ። ይህም ቀድሞ የተነገረ ነው።

በዚህ ጊዜ በተለይ የምከታተለው አነጋገራቸውን ነው። «ኧረ ኦክሲቶሲን አምጡ!» ብሎ ለአየር መጮህ አለ። ሁሉም ይሰማል፣ ማንም አይሄድም። «ሲስተር ሄለን፣ ኦክሲቶሲን 10 ዩኒት አምጪልኝ» ሲባል ግን ሄለን «10 ዩኒት ኦክሲቶሲን፣ እሺ» ትላለች፤ ስትሰጥም «ሰጠሁ፣ 4፡12» ትላለች። ስም፣ ትእዛዝ፣ መልስ። ይሄ ካልተለማመዱት በድንጋጤ ጊዜ ከአፍ አይወጣም።

ደረጃ 6፦ ውይይቱ

ጊዜ የጠበበበት ሰው የሚቆርጠው ይህን ነው። እኔ ግን ጊዜ ከጠበበ ሴናሪዮውን አሳጥራለሁ እንጂ ውይይቱን አልነካም። 10 ደቂቃ ከተለማመድን 20 ደቂቃ እንወያያለን። ትምህርቱ ያለው እዚህ ነው።

መጀመሪያ ስሜታቸውን ያውጡ። «እንዴት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁና ጠብቁ። ቀጥሎ የሆነውን በቅደም ተከተል ይናገሩ፤ የሰዓት ያዡ ወረቀት እዚህ ይጠቅማል። ከዚያ ለምን ወደሚለው ግቡ። በመጨረሻ እያንዳንዱ በሚቀጥለው ተረኝነቱ የሚቀይረውን አንድ ነገር ይናገር።

በእኛ አገር ግን አንድ ነገር አለ። ይሉኝታ። ታናሽ በታላቅ ፊት «ተሳስተዋል» አይልም። ዶክተሩ ከተናገረ በኋላ ነርሷ «እንዳሉት ነው» ብላ ትቀመጣለች። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። ታናሹ ይጀምር፣ ዶክተሩ መጨረሻ ይናገር። ይህን ለዶክተሩ ቀድማችሁ ለብቻው ንገሩት። እስካሁን ቅር ያለው አልገጠመኝም። ዝም ላለ ሰው ደግሞ «ቼክሊስትሽ ላይ ምን ጻፍሽ?» በሉት። ከአፉ ያልወጣው ወረቀቱ ላይ አለ።

እኛም መምህራን የምንጠይቅበት መንገድ ይስተካከል። «ለምን ማሸት አቆምሽ?» ክስ ነው። እኔ እንዲህ እላለሁ፦

«ሲስተር፣ በሦስተኛው ደቂቃ ማሸቱን ትተሽ ወደ ጠረጴዛው ስትሄጂ አየሁ። ደሙ ይጨምራል ብዬ ሰጋሁ። ያኔ ምን እያሰብሽ ነበር?»

አንድ ጊዜ የተሰጠኝ መልስ «መድኃኒቱን የሚያመጣ ሰው ያለ አልመሰለኝም» የሚል ነበር። አያችሁ? ልጅቷ ማሸት እንዳለባት ታውቃለች። የጎደለው የሥራ ክፍፍል ነው። ከሰስኳት ኖሮ «ይቅርታ፣ ረስቼ ነው» ብላ ታልፈኝ ነበር፣ እኔም ስለ ማሸት ጥቅም እንደገና ሳስተምር እውል ነበር።

ደረጃ 7፦ ወዲያው ድገሙት

ያው ቡድን፣ ያው ሴናሪዮ፣ በዚያው ቀን። ሰው ስህተቱን አውቆ ሳያርመው ወደ ቤቱ አይሂድ። ሁለተኛው ዙር ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ፈጥኖ ያልቃል፣ ፊታቸውም ሌላ ነው።

ደረጃ 8፦ መመዘን

እስካሁን ያለው ማስተማር ነው። ምዘና ሌላ ቀን ነው። ሌላ ቀን ስል ከልቤ ነው። ሊሆን ከቻለ መዛኙም ሌላ ሰው ይሁን። ሦስት ወር ያስተማርኳትን ልጅ ስመዝን ያላደረገችውን እንዳደረገች አድርጌ ልቆጥር እችላለሁ። «ታውቀዋለች እኮ» እላለሁ በልቤ።

እኛ ኦስኪ የምንለው የፈተና ዓይነት መነሻው ስኮትላንድ፣ ዳንዲ ነው። ሮናልድ ሃርደንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1975 ይፋ አደረጉት። ተማሪዎች ከጣቢያ ጣቢያ ይዞራሉ፣ ሁሉም ያንኑ ሕመምተኛ ያያል፣ በእኩል ደቂቃ፣ በአንድ ዓይነት ቼክሊስት። ከዚያ በፊት አንዱ ቀላል ሕመምተኛ ይደርሰዋል፣ ሌላው ከባድ። ይህን አድልዎ ለማስቀረት ነው የተፈጠረው። ስለዚህ እናት የምትሆነዋ ሰው ለሁሉም ተፈታኝ ያንኑ ቃል፣ በዚያው ደቂቃ ትናገር። ሰባተኛው ተፈታኝ ላይ ስትደርስ ከደከማት ቀይሯት።

ቼክሊስቱ ከ15 መስመር አይብለጥ። የእኔ እነዚህ አሉበት፦ ርዳታ ጠራ፤ ለእናቲቱ ምን እንደሆነ ነገረ፤ ማህፀን ዳሰሰና አሸ፤ የፈሰሰውን ደም ለካ ወይም ገመተ፤ ኦክሲቶሲን በትክክለኛ መጠንና መንገድ ሰጠ፤ ትራኔክሳሚክ አሲድ ሰጠ፤ ደም ሥር ከፍቶ ፈሳሽ ጀመረ፤ ፊኛዋ ባዶ መሆኑን አረጋገጠ፤ እንግዴ ልጁን መረመረ፤ የተቀደደ ቦታ ፈለገ፤ ምትና ግፊት ደጋግሞ ለካ፤ ካልቆመ ሪፈር ለማለት ወሰነ፤ በሰዓት መዘገበ። ከእነዚህ ውስጥ የትኞቹ ቢቀሩ እናቲቱ ልትሞት እንደምትችል ቀድማችሁ ወስኑና ኮከብ አድርጉባቸው። ሌላውን ሁሉ ሠርቶ ኮከብ ያለበትን የዘለለ ሰው አላለፈም። 13 ከ15 ማግኘቱ አያድነውም፣ እናቲቱንም አያድናትም።

አጠገቡ ሰዓቱን ጻፉ። ደሙ ከታየ እስከ ማሸት ስንት ሰከንድ? እስከ ኦክሲቶሲን ስንት? «ሠርቷል» የሚለው ምልክት ብቻውን ያታልላል። በ2 ደቂቃ የሰጠና በ9 ደቂቃ የሰጠ ሰው እኩል «ሠርቷል» ይባላሉ።

ከቼክሊስቱ ሌላ አንድ ጥቅል ጥያቄ ጨምሩ፦ «ይህን ሰው ሌሊት ለብቻው ተረኛ አደርገዋለሁ?» ቼክሊስቱ እያንዳንዱን እርምጃ ያያል፣ ይህ ጥያቄ ሰውየውን ያያል። ሁለቱ ሲጋጩ ቆም ብላችሁ ተነጋገሩ።

ከፈተናው በፊት መዛኞቹንም መዝኑ። አንድ ልምምድ ተማሪዎቹን አስፈቅዳችሁ በስልክ ቅረጹ። ሁለት መዛኞች ለየብቻ ነጥብ ይስጡ። ወረቀታቸውን አስተያዩ። የማይስማሙበት መስመር ካለ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የመስመሩ ነው። «እናቲቱን በአግባቡ አነጋገረ» ላይ የኔና የባልደረባዬ ነጥብ አልገጥም ቢል «ስሙን ነገራት፣ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ነገራት» ብለን ከፋፈልነው። ከዚያ በኋላ ተስማማን። ቪዲዮውን ሥራው ሲያልቅ አጥፉት።

ደረጃ 9፦ ወደ ማዋለጃ ክፍሉ ውሰዱት

ታንዛኒያ ውስጥ ሃይዶም በሚባል ሆስፒታል ጨቅላን የማስተንፈስ የአንድ ቀን ሥልጠና ሰጡ። በልምምድ ላይ ሠራተኞቹ ጎበዙ። በእውነተኛው ወሊድ ላይ ግን አሠራራቸው አልተለወጠም። ቀጥለው አጭርና ተደጋጋሚ ልምምድ እዚያው ሥራ ቦታቸው ላይ ሲያደርጉ በመጀመሪያው ቀን የሚሞቱ ጨቅላዎች ቀነሱ። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ የለም። ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የሦስት ቀን ሥልጠና ከምትሰጡ በየሳምንቱ ተረኛ ሲቀያየር 10 ደቂቃ ስጡ።

ሥራ ቦታ ላይ ስትለማመዱ እውነተኛውን ክፍል፣ እውነተኛውን መብራት፣ እውነተኛውን ፍሪጅ ተጠቀሙ። ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ስላለበት ፍሪጁ አይቀሬ ነው። ተለማማጁ ከአልጋው ተነስቶ እዚያ ደርሶ ይመለስ፣ ሰዓቱ ይያዝ። መድኃኒቱን ግን አያውጣ፣ ፍሪጁን ከፍቶ ቦታውን ካሳየ ይበቃል። እንዲህ ስንለማመድ የሰው ስህተት ብቻ አይደለም የሚወጣው። ያለቀ ካኑላ፣ ባትሪ የሌለው የእጅ ባትሪ፣ የማይነሳ የአምቡላንስ ስልክ ይወጣል። የተገኘውን ሁሉ በዚያው ቀን ለክፍሉ ኃላፊ በጽሑፍ ስጡ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ልምምድ ላይ ተስተካክሎ እንደሆነ እዩ።

አሁን የምሠራበት ክፍል ውስጥ በመጀመሪያው ልምምድ ቀን ተለማማጇ ፍሪጁ ጋ ደርሳ ቆመች። ተቆልፏል። ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ወረቀቴ ላይ አቀረቀርኩ፣ ሰዓቱም አልቆመም። በማግስቱ ቁልፉ በክር ታስሮ ፍሪጁ ጎን ምስማር ላይ ተሰቀለ። እስካሁንም እዚያው ነው።